በክርስትና ስም የተጻፈው ማኅበር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የትርንጎ የልጅ ልጅ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በባጃጅ እየተንገጫገጨች መጥታ አንድ ቅጽ ጉልበቴ ላይ አኖረችልኝ። እሷና ጓደኞቿ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን የሚረዳ ማኅበር ሊያቋቁሙ ነው። ሕጉ መሥራቾች ይፈልጋል፤ እኔንም፣ እኔው ዘንድ የምትኖረውን አያቷንም ከመሥራቾቹ ሊያስገቡን አስበዋል። «እርስዎ እኮ አባባ የዚህ ነገር አባት ነዎት። ትምህርት ቤቱን ያሠራውን ማኅበር የመሠረቱት እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ሳነብ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። «የመሥራቾች ሙሉ ስም፣ በመታወቂያቸው ላይ እንደተጻፈው» ይላል።

ቅጹን ያዘጋጀው ማንም ይሁን ማን፣ ተባረክ ብዬዋለሁ። ይህች አንዲት መስመር በእኛ ጊዜ ኖራ ቢሆን ስንቱ ነገር ይድን ነበር። ልጅቱ ንባቤን ማቆሜን አይታ «ምን ሆኑ አባባ?» አለች። «እርጅና ነው» አልኳት። እርጅና አልነበረም። እንግዲህ ሰማንያን የተሻገረ ሰው የሚቆጥበው ፊት የለውምና ነገሩን ከነገለባው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ንፋስ መውጫ፣ አውራጃ ግዛቱ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ምን ናት? ያኔ ግን ወዲያ በሉኝ! እኔ ሳልፍ ውሻ እንኳ የሚጮኸው በአክብሮት ይመስለኝ ነበር። ቡናማ ካፖርትና ጥቁር ጫማ ነበረኝ። ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሬ ተጉዤ ወደ አጥቢያችን እሄዳለሁ። ጫማዬ እንዳያልቅ መንገዱን ሙሉ በእጄ አንጠልጥዬው እሄድና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ምንጭ ስደርስ እግሬን ታጥቤ አጠልቀዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይከበኛል። የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ወታደር ቤት ከገባ ልጅ የመጣ ደብዳቤ፣ ሁሉንም አነብላቸዋለሁ። አንዳንዴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀላሉን ነገር ሆን ብዬ አክብጄ አነበዋለሁ። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ራቅ ብሎ ይቆማል። ምንም አይልም፤ ብቻ ጢሙን ይዳብሳል። እኔ የምኖረው ለዚያ ጢም መዳበስ ነበር።

ታዲያ ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ ክምር ሲከመር፣ ቀለመወርቅ ካገር ለአገር ዞሮ ተመለሰ። ቀለመወርቅና እኔ ዳዊት የደገምነው ከአንድ የኔታ እግር ሥር ነው። ከዚያ መንገዳችን ተለያየ፤ እኔ ወደ አስኳላ፣ እሱ ድጓ ሊማር ወደ ቤተ ልሔም ደብር። ቤተ ልሔም ዓመታት ከርሞ ጎንደር ገባ፤ እዚያም አንድ ነገረ ፈጅ ቤት ጽሑፍ ገልባጭ ሆኖ ሕግ ለመደ። ዝም ብሎ ሲሄድ ላየው ምንም አይደለም፤ ሸማው የተጣፈ፣ ሰውነቱ የመቋሚያ ያህል የቀጠነ። ጉዱ አፉን ሲከፍት ነው። ማሕሌት ላይ ድምፁን ሲያወጣ ሴቶቹ በስተውጭ ያለቅሳሉ። ብዕር ሲይዝ ደግሞ ፊደሉ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ በጽሕፈት መኪና ላይ በሁለት ጣት እየለቀምኩ የማወጣው ጽሑፍ ከሱ እጅ አጠገብ ሲቀመጥ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር።

በጥር መጨረሻ ከትምህርት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። ድንጋይና እንጨት አቅርቦ ቤቱን የሚያቆም አጥቢያ ካለ ቆርቆሮውና አስተማሪው ከመንግሥት ይሰጠዋል ይላል። ለዚያ ዓመት ግን ለአውራጃው የተመደበው አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ሕዝቡም እንዲያው በጅምላ «እኛ» ብሎ ቢቀርብ አይሰማም፤ በሕግ የተመዘገበ ማኅበር መሆን አለበት። ሰኔ ሠላሳ በጀቱ ይዘጋል። ደብዳቤውን ደጀ ሰላም ላይ ቆሜ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

«ማኅበርማ ሞልቶን!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሚካኤል፣ የማርያም፣ የመድኃኔዓለም ጽዋ አላቸው። እኔ «የመንግሥት ማኅበር ሌላ ነው» ብዬ ላብራራ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀለመወርቅ ከኋላ ተነሣ።

ሁለት ጽሑፍ ያስፈልጋል አለ። አንደኛው መመሥረቻው ነው፤ እነማን፣ ለምን ዓላማ እንደተሰባሰቡ ይናገራል። ሁለተኛው መተዳደሪያ ደንቡ ነው፤ የማኅበሩ ስም ማን እንደሆነ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማን አባል እንደሚሆንና እንዴት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ። መሥራቾቹ ይፈርማሉ። በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ ቴምብር ተለጥፎበት ለአውራጃው ይገባል። ፖሊስ የሰዎቹን ማንነት ያጣራል፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ይተላለፋል። ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ አወረደው። እዚያ ቢሮ ውስጥ የምሠራው እኔ፣ መዝገቡን ተሸክሜ የምዞረው እኔ፣ ግማሹን አላውቀውም ነበር።

«የማኅበሩ ቤት የት ይሁን?» ብሎ ሲጠይቅ «በየወሩ ተረኛው ቤት ነዋ!» አሉት። አይ፣ ሕጉ የማይነቃነቅ አንድ ቦታ ይፈልጋል ብሎ አስረዳ፤ ደጀ ሰላሙ ይሁን ተባለ። ቀጥሎ ግን «ማኅበሩ የፈረሰ እንደሆነ ንብረቱ ለማን ይሁን?» ሲል ጉባኤው ተንጫጫ። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ድንቁ መቋሚያቸውን መሬት መቱ።

«ምን አልክ አንተ? ሳይወለድ መግነዙን?»

«አለቃ፣ ሕጉ ነው እንዲህ የሚል። ሰውስ ቢሆን የሚናዘዘው ሊሞት ፈልጎ ነው?»

አለቃ ጥቂት አሰቡና ሣቁ። «እሱስ እውነትህን ነው። በል ጻፍ፣ ለደብሩ ይሁን» አሉ። ሰው ሁሉ ሣቀ። አባቴም ሣቀ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ጢሙንም ዳበሰ።

እኔ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? የያዝኩትን ጠላ ሳልጠጣ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ስም አላወጣሁለትም፤ ዛሬ ግን ቅናት ነው እላችኋለሁ፤ ጥርት ያለ ቅናት። ያገሬ ሰው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል። የቅርቡ ጠበል እኔ ነበርኩ፤ ከሩቅ የመጣውማ ፈዋሽ ሆነ። የሰው ሀብት የሚመኝ ሰው ተስፋ አለው፤ ሠርቶ ያገኘው ይሆናል። የአባቱን ፊት ለሌላ ሲበራ ያየ ግን ወዴት አባቱ ይሄዳል? ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መንገዱን ሙሉ ስለ ቀለመወርቅ ሲያወራ እኔ እርምጃዬን አፍጥኜ ቀደምኩት።

የትርንጎም ነገር አለ። ትርንጎ የመጨረሻ እህቴ ናት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። እስቴ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ለልጁ ጠይቋት አባቴ እሺ ሊል ዳር ዳር ብሎ ነበር። የትምህርት ቤቱ ወሬ ሲመጣ ግን አሳቡን ገታ። በዚያች እሑድ ራት ቀርቦ ሳለ እንዲህ አለ፦

«ትምህርት ቤቱ ከቆመ ትርንጎ ትማራለች። ካልቆመ ግን የእስቴውን ሰው እስከ መቼ ላቆየው? በሚመጣው ጥር እድራታለሁ።»

እናቴ ወጥ ማውጣቷን ቀጠለች። ትርንጎ ግን «ይቆማል!» ብላ ከመደቡ ዘላ ወረደች። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። እኔም ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብል ውሸታም ነኝ።

በዐቢይ ጾም ቀለመወርቅ ደንቡን ሲያረቅ ቤታችን ይመላለስ ነበር። ሽማግሌዎቹ አባቴ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እናቴ የሽምብራ ቆሎና የባቄላ ንፍሮ ታቀርባለች፤ እሱ ይጽፋል። የጻፈው ቀለም እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ ትርንጎን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ፊደል ያስቆጥራታል። አንድ ቅዳሜ ስመጣ ከደጅ ሮጣ ተቀበለችኝ።

«አያ! ቀለመወርቅ እስከ ‹መ› አደረሰኝ እኮ!»

«ለምን እኔን አስተምረኝ አላልሽኝም?»

«አንተማ ስትመጣ ጫማህን ነው የምታስወለውለኝ!»

እናቴ ሣቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ገባች። ነገሩ የልጅ ቀልድ ነው፤ ግን እውነት ነውና አንጀቴን አሳረረው። ያቺን ልጅ አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ጉንፋን ሲይዛት ጀርባዬ ላይ ነው ያነጋችው። አንድ ፊደል ግን አላሳየኋትም፤ አስቤውም አላውቅ። ይኼ ሰውዬ ከየት መጥቶ ነው ያላሰብኩትን ሁሉ እየቀደመ የሚሠራብኝ? ጥፋቱ የኔ እንደሆነ እያወቅሁ በሱ ላይ ተናደድኩ። ቅናት ሲይዛችሁ እንዲህ ነው የሚያደርጋችሁ፤ ዳኛውም ከሳሹም ሐሰተኛ ምስክሩም አንድ ሰው ይሆናል።

መሥራቾቹ የፈረሙ ዕለት እኔ ንፋስ መውጫ ነበርኩ። በኋላ እንደሰማሁት ቀለመወርቅ «በሉ ስማችሁን ንገሩኝ» ሲል ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በኛ አገር ማኅበር የሚገባው በክርስትና ስም ነው። ጽዋ ሲነሣ ካህኑ የሚጠራው እሱን ነው፤ የዓለም ስም ለገበያና ለዳኛ ነው። ሌላም ፍርሃት ነበራቸው፤ የዓለም ስምህን በወረቀት ጽፈህ ለመንግሥት ከሰጠህ፣ በሌላው ዓመት ግብር ሆኖ ይመለስልሃል ይባላል። አለቃ ድንቁ ነገሩን ቆረጡት። «ይህ ለሕፃናት የሚቆም ቤት ነው፤ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳን የሚገባ ሰው እግዜር በሚያውቀው ስሙ ይግባ» አሉ። ቀለመወርቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ ይህ እንግዳ ሊሆንበት ከየት መጥቶ! ሃያውንም ሰው በክርስትና ስሙ ባማረ እጁ ጻፈ። መጻፍ የማይችሉት ከስማቸው ጎን የመስቀል ምልክት አደረጉ።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ዓርብ ቀን መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ዝናብ መትቶታል፤ ሸማው ሰውነቱ ላይ ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ግን በቆዳ ተጠቅልሎ ድርቅ ብሏል። እናቴ የላከችልኝን ዳቦ አስቀድሞ ሰጠኝ፤ ከዚያ ሦስቱን ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ።

«አስማረ ወንድሜ፣ ሕጉን እኔ አነብባለሁ፤ ቢሮውን የምታውቅ ግን አንተ ነህ። ከማስገባቴ በፊት እስቲ ዓይንህን ጣልበት። የጎደለ ካለ ንገረኝ።»

አነበብኩት። ምን አለፋችሁ፣ የሚያምር ነገር ነበር። ዓላማው በሁለት መስመር፣ ደንቡ በተራ በተራ፣ አንድ ቃል የማይጨመርበት፣ አንድ ቃል የማይነሣለት። ወደ መሥራቾቹ ዝርዝር ስደርስ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ አየሁት። የኔ ስም የለም። የማኅበሩም ጸሐፊ እሱው ራሱ ነው። ፊቴን አይቶ ገባውና፣ «አንተን ያላስገባሁህ መዝገቡ ባንተ እጅ ስለሚያልፍ ነው። መሥራች ብትሆን አድልዎ ይባላል ብዬ ሰጋሁ» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን አላመንኩትም፤ ማመን አልፈለግሁም።

ከዚያ ስሞቹን ልብ አልኩ። «ወልደ ሚካኤል» ይላል አራተኛው። አባቴ ነው። በግብር መዝገብ ላይ ግን አባቴ ደሴ አልታዬ ነው። ሁሉም እንደዚያው ነው፤ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ መስቀል፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰው፣ አንድም በግብር መዝገብ የሚገኝ የለም። ፖሊስ ማንነት የሚያጣራው ምክትል ወረዳው ጽሕፈት ቤት ካለው የግብር መዝገብ ጋር እያመሳከረ እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ቀለመወርቅ የማያውቀው፣ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ተገኘ! ስንት ወር የጠበቅኋት ብልጫ ናት። «ከጎኑ የዓለም ስማቸውን ጻፍበት» ብዬ ብነግረው በቃ፤ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ፣ በኔው ብዕር፣ ውሃ እስኪፈላ ይጨርሰው ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ምንም አይጎድለውም» አልኩት።

አቅፎ ሳመኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩት፤ ቁጥር ሰጥቼ መዘገብኩት። ሲሄድ በመስኮት አየሁት፤ በዝናቡ ውስጥ እያዜመ ነበር። ለራሴ «ዝም አይነቅዝም» አልኩ። ውሸት እንኳ አልተናገርኩም፣ ስሕተቱ የሱ ነው፣ እኔን ማን ጸሐፊ አደረገኝ ብዬ ተከራከርኩ። ዳቦውን ግን ልበላው አልቻልኩም፤ ለዘበኛው ሰጠሁት።

የባሰው ገና ነበር። ሰኔ በገባ በጥቂት ቀን የአውራጃው ዋና ጸሐፊ አስጠራኝ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ሥራውን የሚያከብር፣ ሰው የማያንጓጥጥ። የፖሊሱን መልስ ይዞ ተቀምጧል። ከሃያው መሥራች አንድም ሰው በአገሩ አልተገኘም ይላል።

«አስማረ፣ ይህ ያንተ አጥቢያ አይደለም እንዴ?»

«ነው ጌታዬ።»

«እስቲ ይህን ዝርዝር እየው። ከነዚህ ሰዎች የምታውቀው አለ? አንድ እንኳ ካወቅህ፣ አንተ መስክረህ ፋይሉን አስተካክለን ዛሬውኑ እናሳልፈው። ቀኑ እየሄደ ነው።»

ልብ በሉ፤ በሩ ድጋሚ ተከፈተልኝ። እግዜር እንዲህ ነው፤ አንዴ ስትዘጉት ዳግመኛ ይከፍትላችኋል፤ እንደገና እስክትዘጉት። ዝርዝሩን ያዝኩ። አራተኛው መስመር ላይ አባቴ ቁጭ ብሏል። በዓይነ ኅሊናዬ ማኅበሩ ሲመዘገብ፣ አባቴ ሰው ሰብስቦ ቀለመወርቅን ሲመርቅ፣ ጢሙን ሲዳብስ ታየኝ።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

«ይህ ወልደ ሚካኤልስ?»

«አላውቀውም።»

ዶሮም አልጮኸ፤ ቀትር ነበር። ዋና ጸሐፊው በሐዘን ራሱን ነቀነቀና «የመሥራቾቹ ማንነት ስላልተረጋገጠ» ብሎ ጻፈ። ደብዳቤውን በጽሕፈት መኪና የመታሁት እኔው ነኝ።

ደብዳቤው አጥቢያው የደረሰው ሰኔ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ቀለመወርቅ በዚያው ቀን ሰው ሊሰበስብ ተነሣ፤ ግን እርሻ ነው፣ ሰው ሁሉ ከበሬው ጋር ነው። ለማንነታቸው ምስክር የሚሆን ፊርማ አሰባስቦ ሲመጣ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀን አገደው። ንፋስ መውጫ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ለስማዳ ተሰጥቷል። ወገዳ አጠገብ ያለ አንድ አጥቢያ ቀድሞ በሕግ ተመዝግቦ፣ ወረቀቱን አሟልቶ ቀርቦ ነበር። ያን ዕለት ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለብሶ ወደ እኔ መጣ። አልተቆጣም።

«ስሕተቴ የቱ ላይ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ» አለ።

«ስሞቹ ናቸው። የክርስትና ስም ነው የጻፍከው። በግብር መዝገብ ላይ የሉም።»

በእጁ ግንባሩን መታ። «አይ እኔ ቂሉ! ይህን እኮ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርስ አቆመ። ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ ፊቴ ላይ አሳረፈው። 

«አንተ እኮ አይተኸው ነበር፣ አስማረ።»

የፊቴን መዝገብ አገላበጥኩ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢሰድበኝም ይሻለኝ ነበር። «ይሁን» አለና ቆዳውን ጠቅልሎ ወጣ። ለማንም አልተናገረም። እኔ ጠብቄ ነበር፤ በየእሑዱ «ዛሬ ያወጣዋል» እያልኩ አጥቢያ ደርሼ እመለሳለሁ። እሱ ግን ዝም። ሰው «ለስማዳ ሰዎች ሸጠን»፣ «የክርስትና ስማችንን አውጥቶ መሳቂያ አደረገን» ሲለው እንኳ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። አባቴ ሰላምታ ነሣው። እኔ ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ምን ነበረበት? አልከፈትኩም። እንዲያውም፣ ማን ያምነኛል፣ ያንን ዝምታውንም ቀናሁበት። እኔ በሱ ቦታ ብሆን አገር ይያዝልኝ ብዬ እጮህ እንደነበር አውቃለሁና። መስከረም ላይ፣ ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀር፣ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ላስታ ወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ እዚያው ዜማ ሲያስተምር ኖሮ አረፈ የሚል ወሬ ደረሰን።

ትርንጎ በጥር ተዳረች። አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። የሠርጉ ዋዜማ ያቺን ፊደል ያጠናችባትን ድንጋይ አንሥታ ገደል ስትወረውራት አየኋት። በማግስቱ በቅሎ ላይ አስቀምጠው ወደ እስቴ ወሰዷት፤ እግሯ ከእርካቡ አይደርስም ነበር። ሚዜዎቹ ሲዘፍኑ እኔ ካፖርቴን ለብሼ ከአባቴ አጠገብ ቆሜያለሁ። አባቴ ወደ ቀድሞ ነገሩ ተመልሶ ነበር፤ ወረቀት ሲመጣ «ልጄ ያንብበው» ይላል።

በሌላው ዓመት ማኅበሩን እኔ አስመዘገብኩት። ደንቡ የቀለመወርቅ ነው፤ አንድ ቃል አልነካሁም፤ ስሞቹን ብቻ ከግብር መዝገብ ገልብጬ በጽሕፈት መኪና መታሁ። ከሁለት ክረምት በኋላ ቆርቆሮው መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ቆመ፤ አባቴ በምረቃው ቀን ሰው መካከል ግንባሬን ሳመኝ። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ። ይኸው እስከ ዛሬም «መሥራቹ» ይሉኛል። እኔ ግን ሰው ቀለመወርቅን ባነሣ ቁጥር፣ በክፉም ቢያነሣው እንኳ፣ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ይቆረጣል። የቀማ ሰው የተቀማውን ይጠላል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ወደ ልጅቱ ልመለስ፤ ቅጹን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የኔን ከመታወቂያዬ ገልብጣ ጨረሰችና አያቷን ጠራች። ትርንጎ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከኔ ጋር ናት። እየተሳበች መጥታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቱ አውራ ጣቷን ይዛ ቀለም አስነካቻትና ወረቀቱ ላይ ጫነችው። ትርንጎ የጣቷን ጥቁረት አይታ ሣቀች።

«ያ ቀለመወርቅ ባያበላሸው ኖሮ እኔም እንደ ሰው እፈርም ነበር።»

ስንት ጊዜ ብላዋለች መሰላችሁ! ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምላሴ ተፈታ።

«ትርንጎ፣ እሱ አላበላሸውም። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን አምጥቶ እንዳሳየኝ፣ ስሞቹን አይቼ እንደዋሸሁት፣ ዋና ጸሐፊው ሲጠይቀኝ አባታችንን አላውቀውም ማለቴን፣ ሁሉንም። ልጅቱ ብዕሯን ቅጹ ላይ አስቀመጠች።  ስጨርስ ትርንጎ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትረግመኝም ፈልጌ ነበር።

«እኔ እኮ አያ፣» አለች፣ «ቀለመወርቅ ሞተ ሲሉኝ እሰይ ብያለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ለኔ አንድ ቃል አልነበራትም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ ስሙን እየጠራች፣ ይቅር በለኝ እያለች። እኔ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ውርደቴን ለማን እነግረዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ለሱ በወረደው እንባ ቀናሁ።